መጽሐፍና አንባቢን ያገናኙት የሒሳብ መምህር፦ የራንጋናታን ሕይወት

ለዘንድሮው የምሩቃን መሰባሰቢያ በሚወጣው መጽሔታችን ላይ ስለ አንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት እንድጽፍ ስጠየቅ ምርጫው አላስቸገረኝም። በቤተ መጻሕፍት ሙያ ውስጥ ያለን ሰዎች ገና አንደኛ ዓመት ላይ ስማቸውን የምንሰማው፣ ካረፉ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ አገራቸው ህንድ ደግሞ ልደታቸውን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ቀን ብላ በየዓመቱ የምታስበው አንድ ሰው አሉ። ሺያሊ ራማምሪታ ራንጋናታን ይባላሉ።

የሕክምናው፣ የምሕንድስናው ወይም የሕጉ ምሩቅ ይህን ሲያይ የላይብረሪ ሰዎች ጉዳይ ነው ብሎ ገጹን ሊገልጠው ይችላል። ትንሽ ታገሱኝ። ዕድሜያችን ገፋ ያለው ሰዎች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩን ህንዶች ነበሩ። ጠመኔያቸውን፣ ያንን ፈጠን ያለ እንግሊዝኛቸውን፣ የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ ላይ የሚያሳዩትን ቁጣ የሚረሳ ያለ አይመስለኝም። ራንጋናታንም የሥራ ሕይወታቸውን የጀመሩት እንደ እነሱ የሒሳብ መምህር ሆነው ነው። በኋላ የሠሩትን ሁሉ የሠሩት መምህርነታቸውን ሳይተዉ ስለሆነ ታሪካቸው የማንኛችንም ታሪክ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. ብዬ እለየዋለሁ።

ልጅነትና ትምህርት

ራንጋናታን የተወለዱት በኦገስት 1892 በደቡብ ህንድ በታንጆር አውራጃ፣ ሺያሊ በምትባል ከተማ ነው። ስማቸው ረጅም ቢመስልም አጠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሺያሊ የትውልድ ቦታቸው፣ ራማምሪታ የአባታቸው፣ ራንጋናታን የራሳቸው ስም ነው። እንደኛው ሁሉ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የላቸውም።

የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው በወጣትነታቸው ዐረፉ። ከዚያ በኋላ በአያታቸው ቤት አደጉ፤ አያታቸውም የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበሩ። ልጁ ራንጋናታን ሲናገሩ ይንተባተቡ ነበር። ኋላ መምህር ለመሆን ሲነሡ ይህ ትልቅ ዕንቅፋት ሊሆንባቸው ይችል ነበር፤ ግን ቀስ በቀስ ራሳቸውን አሠልጥነው አሸነፉት።

በማድራስ ክርስቲያን ኮሌጅ ሒሳብ ተምረው በ1913 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1916 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን አገኙ። እዚያ ያስተማሯቸው ኤድዋርድ ሮስ የሚባሉ የሒሳብ ፕሮፌሰር እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ድረስ የሚያመሰግኗቸው ሰው ነበሩ። እኚህን መምህር አትርሷቸው፤ ታሪኩ መሀል ላይ ተመልሰው ይመጣሉ።

ከ1917 ጀምሮ ራንጋናታን በማንጋሎር፣ በኮይምባቶር፣ ቀጥሎም በማድራስ ከተማ በፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ሒሳብ አስተማሩ። ሥራቸውን ይወዱት ነበር። ሌላ ሥራ የመያዝ ሐሳብ አልነበራቸውም። ነገሩ ግን ሌላ ሆነ።

ሳይወዱት የገቡበት ሥራ

በ1923 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ የተበታተነ የመጻሕፍት ክምችቱን የሚመራለት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። ዘጠኝ መቶ ያህል ሰው አመለከተ። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ በሙያው የሠለጠነ አንድም አልነበረም። ራንጋናታን በወዳጆቻቸው ግፊት ተወዳደሩ። ስለ ቤተ መጻሕፍት የነበራቸው ዕውቀት ከቃለ መጠይቁ ቀደም ብሎ በኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ላይ ያነበቡት አንድ ጽሑፍ ብቻ ነበር ይባላል። ሥራው ተሰጣቸውና በጃንዋሪ 1924 ጀመሩ።

አልወደዱትም። ትናንት በተማሪ ተከበው የሚውሉ ሰው ዛሬ ከመደርደሪያ በስተቀር ማንም በሌለበት ክፍል ብቻቸውን ሲቀመጡ ምን ሊሰማቸው እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ብዙም ሳይቆዩ ወደ ማስተማሩ መልሱኝ ብለው ጠየቁ። አለቆቻቸው አንድ ቅድመ ሁኔታ አቀረቡላቸው፦ መጀመሪያ እንግሊዝ አገር ሄደህ ሙያውን ተማር፤ ስትመለስም ካልወደድከው ወደ ክፍልህ ትመለሳለህ አሏቸው።

በዚያው ዓመት ወደ ለንደን ሄደው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ገቡ። እዚያ ያስተማሯቸው የክሮይደን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ደብሊው. ሲ. በርዊክ ሴየርስ ነበሩ። ክፍል ውስጥ ከተማሩት ይልቅ ግን ልባቸውን የለወጠው ያዩት ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር ብዙ ቤተ መጻሕፍት እየዞሩ ጎበኙ። በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሕፃናቱ የራሳቸው ክፍል አላቸው፤ ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ ጎራ ብሎ ያነባል፤ የቤት እመቤቷ መጽሐፍ ተውሳ ትሄዳለች። የትምህርት ቤት በር ከተዘጋ በኋላ ሌላ የትምህርት ቤት በር ክፍት እንደሆነ ተረዱ። ለዚህኛው በር ምዝገባ የለውም፤ ፈተናም የለውም፤ ምረቃም የለውም።

በለንደን አንድ መደብር ውስጥ የሕፃናት መጫወቻ ሲሸጥ ያዩበት ታሪክ በሙያችን በሰፊው ይወራል። መጫወቻው ሜካኖ የሚባለው፣ ብረቶችን በብሎን እያያያዙ አንዴ መኪና አንዴ ድልድይ የሚሠሩበት ነው። የዕውቀት ዘርፎችም እንደዚህ በትናንሽ ክፍሎች ተከፋፍለው እንደ ጉዳዩ ሊገጣጠሙ ይችላሉ የሚል ሐሳብ መጣላቸው። ኋላ በ1933 ያሳተሙት የኮሎን አመዳደብ ሥርዓት ጥንስሱ ይህ ነው። በ1925 በመርከብ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የመርከቡን ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ሳይቀር በአዲሱ ሐሳባቸው መልሰው ደርድረውታል።

ማድራስ ሲደርሱ ወደ ሒሳብ ክፍል ልመለስ የሚለውን ጥያቄ ዳግመኛ አላነሡትም።

የመምህሩ ዓይን

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ያኔ የአንድ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ዋና ሥራ መጽሐፍ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነበር። ቁልፉ በወገቡ ላይ ይንጠለጠላል፤ አንባቢው ወረቀት ሞልቶ ይጠብቃል፤ መጽሐፉ ሲመጣም በጥርጣሬ ዓይን ይሰጠዋል። ይህን ዓይነቱን አሠራር ሩቅ ሄደን መፈለግ አያስፈልገንም፤ እኔም የዚያ ወረቀት ወረፋ ትዝ ይለኛል። የጠየቅከው መጽሐፍ የለም ከተባልክ አለቀ። ከጎኑ ያለውን፣ ምናልባትም የተሻለውን መጽሐፍ የምታይበት መንገድ የለም።

ራንጋናታን ነገሩን ያዩት በመምህር ዓይን ነው። መምህር ተማሪው ሳይገባው ደወሉ ቢደወል ሥራዬን ጨርሻለሁ አይልም። እሳቸውም መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ በሰላም መቀመጡን እንደ ሥራ ፍጻሜ አልቆጠሩትም። የማድራስ ዩኒቨርሲቲን መደርደሪያዎች ለአንባቢ ክፍት አደረጉ። አንባቢው ራሱ ገብቶ እያገላበጠ እንዲመርጥ ፈቀዱ። የአገልግሎት ሰዓቱን አራዘሙ። አንባቢውን ተቀብሎ ምን እንደሚፈልግ የሚጠይቅና ከሚፈልገው ጋር የሚያገናኝ ሠራተኛ መደቡ። አዲስ ገቢ ተማሪዎች የቤተ መጻሕፍቱን አጠቃቀም እንዲማሩ አደረጉ፦ ካታሎጉ እንዴት እንደሚነበብ፣ መጽሐፍ በምን ሥርዓት እንደሚደረደር፣ ማውጫና ማመሳከሪያ መጽሐፍ ምን እንደሚጠቅም።

ይህ የመጨረሻው ዛሬ ቀላል ነገር ይመስላል። አስቡት ግን። እስከዚያ ድረስ አንባቢ ካታሎግ መጠቀም ካልቻለ ጥፋቱ የአንባቢው ነበር። ራንጋናታን ኃላፊነቱን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አዞሩት። ሰው መፈለግን ሲያውቅ አይወለድም፤ ይማረዋል። የሚማረው ከሆነ ደግሞ የሚያስተምረው ሰው ያስፈልጋል።

በሥራ ላይ ግን ለራሳቸውም ሆነ ለሌሎች ርኅራኄ ያላቸው ሰው አልነበሩም። በማድራስ በቆዩባቸው ሃያ ዓመታት ዕረፍት ወስደው አያውቁም ይባላል። የመጀመሪያ ባለቤታቸው ሩክሚኒ በ1928 በድንገተኛ አደጋ ሞቱባቸው። በኋላ ሳራዳ የተባሉትን ሁለተኛ ባለቤታቸውን ሲያገቡ የሠርጋቸው ሥነ ሥርዓት እንዳለቀ ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሯቸው እንደተመለሱ ይነገራል። ይህን የምጽፈው ለአድናቆት ብቻ አይደለም። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር መኖርና መሥራት ከባድ እንደሚሆን ባለ ትዳሮቹ ታውቁታላችሁ።

አምስቱ ሕጎች

በ1928 ገደማ ራንጋናታን በአንድ ነገር ተጨነቁ። የሒሳብ ሰው ናቸውና በቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚሠራው ሁሉ ከጥቂት መሠረታዊ ሕጎች ሊመነጭ ይገባል ብለው ያምኑ ነበር። ዝርዝሩ እጃቸው ላይ አለ፤ ሕጉ ግን አልመጣም። አንድ ምሽት የቀድሞ መምህራቸው ሮስ ጎራ አሉና ጭንቀታቸውን አዳመጡ። ከዚያ በጥቂት ቃላት የመጀመሪያውን ሕግ ሰጥተዋቸው ሄዱ፦ መጻሕፍት ያሉት ሊሠራባቸው ነው የሚል። የቀሩት አራቱ ከዚያ በኋላ ወዲያው ተከታትለው መጡ። የተመረቀ ተማሪ ከቀድሞ መምህሩ ጋር የሚያደርገው ጭውውት ምን ሊያፈራ እንደሚችል ለማሳየት ለምሩቃን መጽሔት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ሕጎቹ በ1931 በመጽሐፍ መልክ ታተሙ። በራሴ አነጋገር ላስረዳቸው።

የመጀመሪያው መጻሕፍት ለሥራ እንጂ ለጥበቃ አልተቀመጡም የሚል ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ቤተ መጻሕፍቱ የሚሠራበትን ቦታ፣ የሚከፈትበትን ሰዓት፣ የወንበሩን ምቾት፣ የሠራተኛውን ፊት ሳይቀር ይዳኛል። መንግሥት ሠራተኛው በሚገባበት ሰዓት ተከፍቶ እሱ በሚወጣበት ሰዓት የሚዘጋ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይህንን ሕግ ጥሷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ለያንዳንዱ አንባቢ የሚሆነው መጽሐፍ አለው ይላል። ያንዳንዱ ሲሉ ማንንም አላስቀሩም፦ ሴቱን፣ ገበሬውን፣ ዓይነ ስውሩን፣ እስረኛውን፣ ትምህርት ቤት ሳይገባ ያደገውን ጎልማሳ። ትምህርት ለጥቂቶች ብቻ በነበረበት፣ በቅኝ ግዛት ሥር በነበረ አገር ይህንን መጻፍ ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

ሦስተኛው የሁለተኛው ግልባጭ ነው፤ ለያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው አለው። መጽሐፉ አንባቢውን ፈልጎ መሄድ አይችልምና ክፍት መደርደሪያ፣ ጥሩ ካታሎግ፣ አገናኝ ሰው ያስፈልገዋል። አራተኛው የአንባቢውን ጊዜ ቆጥብ የሚል ነው። አምስተኛው ደግሞ ቤተ መጻሕፍት እንደ ሕያው ፍጥረት ያድጋል፣ ይለወጣል፤ አንዴ ሠርተህ የምትተወው ነገር አይደለም ይላል።

ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጪ

ራንጋናታን በዩኒቨርሲቲው ግቢ ብቻ ቢወሰኑ ኖሮ ስማቸው በመማሪያ መጻሕፍት ላይ ይቀር ነበር። ሁለተኛው ሕጋቸው ግን እንዲቀመጡ አልፈቀደላቸውም። በ1928 የማድራስ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሲመሠረት ጸሐፊው እሳቸው ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት ማኅበሩ የክረምት ትምህርት ዓይነት አጭር ሥልጠና ጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶም ዩኒቨርሲቲው ሥልጠናውን ወሰደው። መጽሐፍ ከመሰብሰብ በፊት ሰው ማሠልጠን የሚለው ቅደም ተከተላቸው እዚህ ላይ ይታያል።

በ1931 በማድራስ ክፍለ ሀገር በመናርጉዲ አካባቢ በበሬ የሚሳብ ጋሪ መጻሕፍት ጭኖ ከመንደር መንደር መዞር ጀመረ። የተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በእነዚያ መንደሮች እንዲህ ተጀመረ። ጋሪው መጽሐፍ ብቻ አልነበረም የሚያመጣው፤ አብሮ የሚሄድ ሰው ነበረው። ማንበብ በማይችልበት መንደር ውስጥ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ጮክ ብሎ ቢያነብ ሁሉም አንባቢ ይሆናል የሚለውን ሐሳብ ራንጋናታን ይደግፉ ነበር። በደብዳቤ አንባቢ ዙሪያ ቁጭ ብሎ ላደገ ለእኛ አገር ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም።

በጎ ፈቃድ ብቻውን እንደማይዘልቅም ያውቁ ነበር። በ1930 በቤናረስ በተደረገ የመላ እስያ የትምህርት ጉባኤ ላይ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ ረቂቅ አቀረቡ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት የባለጸጋ ችሮታ ሳይሆን እንደ መንገድና እንደ ውሃ የሕዝብ አገልግሎት ነውና በሕግ ይቋቋም፣ ቋሚ ገቢም ይኑረው። ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት ጠበቁ። ህንድ ነፃ በወጣች በዓመቷ፣ በ1948፣ የማድራስ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ ወጣ። ከቤት ግብር ላይ ትንሽ ተጨማሪ ገንዘብ እየተሰበሰበ ለቤተ መጻሕፍት እንዲውል አደረገ። በነፃይቱ ህንድ የመጀመሪያው እንዲህ ዓይነት ሕግ ነበር።

የኋለኛው ዘመናቸው

ከማድራስ የወጡት በደስታ አልነበረም። ከአዲስ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ጋር ሳይግባቡ ቀሩና በ1940ዎቹ አጋማሽ ለቀቁ፤ ለጥቂት ጊዜም በትካዜ ተዋጡ። ከዚያ በ1945 ወደ ቤናረስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። እዚያ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ መቶ ሺህ ያህል መጽሐፍ በገዛ እጃቸው መድበው ካታሎግ እንደሠሩለት ይነገራል። ቀጥሎ በደልሂ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ከ1944 እስከ 1953 የህንድ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ፕሬዚደንት ነበሩ። በ1957 መንግሥታቸው ፓድማ ሽሪ የተባለውን ኒሻን ሰጣቸው። በ1962 በባንጋሎር የሰነድ ጥናትና ሥልጠና ማዕከል አቋቋሙ። በዚያችው ከተማ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1972 ዐረፉ።

ሁሉም ነገራቸው አልሰመረም። ያን ያህል የደከሙበት የኮሎን አመዳደብ ከህንድ ውጪ ብዙም ቦታ አላገኘም። አብዛኛው ዓለም፣ እኛንም ጨምሮ፣ በዲዊ ወይም በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አመዳደብ ይሠራል። ዛሬ ራንጋናታንን በሕይወት ያቆያቸው የደረደሩበት መንገድ አይደለም፤ ለማን እንደሚደረደር መጠየቃቸው ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በ1950ዎቹ ራንጋናታን ካጠራቀሙት ገንዘብ ላይ አንድ መቶ ሺህ ሩፒ አውጥተው ለማድራስ ዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ገንዘቡ በባለቤታቸው በሳራዳ ስም የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ፕሮፌሰር ለዘለቄታው እንዲቀጠርበት ነበር። በገንዘቡ ሕንፃ ማሠራት ይችሉ ነበር። ብዙ ሺህ መጽሐፍ መግዛትም ይችሉ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ከመጽሐፍ ጋር የኖሩ ሰው ገንዘባቸውን የሰጡት ለመምህር ነው።

ታዲያ ለእኛስ?

የመረጃ አጠቃቀም ክህሎት የሚለው ሐሳብ በአሜሪካዊው ፖል ዙርኮውስኪ አማካይነት ስም ያገኘው በ1974፣ ራንጋናታን ባረፉ በሁለት ዓመቱ ነው። በ2005 ደግሞ በአሌክሳንድሪያ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ይህ ክህሎትና የዕድሜ ልክ ትምህርት የማይነጣጠሉ መሆናቸውን በአዋጅ መልክ አወጁ። ቃሉ አዲስ ነው፤ ነገሩ ግን ያው የራንጋናታን ነው። ሰው ምን እንደሚያስፈልገው ለይቶ ማወቅ፣ የት እንደሚገኝ ማወቅ፣ ያገኘውን መመዘን፣ ከዚያ ለሕይወቱ መጠቀም።

እኔ በሙያዬ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ከተመረቅሁ በኋላ ብዙውን ጊዜ ያሳለፍኩት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ በአንድ ወቅት መጥተው ስለ ጡረታቸው ጎረቤት ያወራላቸው ነገር እውነት መሆኑን ማረጋገጥ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ነጋሪት ጋዜጣው እዚያው መደርደሪያ ላይ ተጠርዞ ተቀምጧል። ዓመታት ሙሉ ማንም ነክቶት አያውቅም። ማውጫውን አብረን ገለጥን፤ አዋጁን አገኘነው፤ አንቀጹን ራሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ያወሩላቸው ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ደግሞ በኋላ በወጣ አዋጅ የተሻረ ሆኖ ተገኘ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ጓደኞቻቸውን ይዘው መጡ። ማውጫውን እኔን ሳይጠብቁ እሳቸው ገለጡላቸው። ያን ቀን ማስተማር ማለት ምን እንደሆነ ከሽማግሌው ተማርኩ።

ዛሬ ደግሞ ችግሩ መልኩን ለውጧል። ድሮ መረጃ ጠፍቶ ነበር የምንቸገረው፤ አሁን በዝቶ ነው። እናት ለታመመ ልጇ የሚሆን መድኃኒት ቴሌግራም ላይ ታነባለች። ወጣቱ ወደ ዐረብ አገር የሚያስኬድ ሥራ ፌስቡክ ላይ ያያል። ማን ጻፈው፣ መቼ ተጻፈ፣ ሌላ ቦታስ ተረጋግጧል ወይ ብሎ መጠየቅን ያስተማረው የለም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ከእኛ ከምሩቃኑም ብዙዎቻችን ይህን አልተማርንም። የተማርነው የተሰጠንን ሃንድአውት መሸምደድ ነው።

በአገራችን ወመዘክር የምንለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከተመሠረተ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ረጅም መንገድ መጥተናል። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ምን ያህል ወጣት እንደሚስብ በዓይናችሁ አይታችኋል። የንባብ ጥማት አለ። ወደ ክፍለ ሀገር ወጣ ስንል ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ከውጭ አገር የተላኩ መጻሕፍት እስከ ካርቶናቸው ታሽገው ግድግዳ ተደግፈው አየሁ። ከከፈትናቸው ውስጥ ለአካባቢው አንባቢ የማይሆኑ ብዙ ነበሩ። የሚሆኑትንም ለይቶ፣ መድቦ፣ ለአንባቢ የሚያሳይ ሰው አልነበረም። የተቀመጠው ዘበኛና አንድ የተማሪ መታወቂያ የሚቀበል ልጅ ነው። የላኩት ሰዎች ደግ አስበው ነው የላኩት። ግን የራንጋናታን የመጀመሪያ ሕግ ካርቶን ውስጥ አይፈጸምም።

ማኅበራችን በየመሰባሰቢያው ሳይማር ላስተማረን ሕዝብ ምን እንመልስ የሚል ጥያቄ ያነሣል። ብዙ ጊዜ መልሱ መጽሐፍ እንላክ የሚል ይሆናል። መጽሐፍ መላክ ጥሩ ነው፤ ፎቶም ያምራል። እኔ ግን ዘንድሮ ሌላ ሐሳብ ላቀርብ እፈልጋለሁ። አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንምረጥ። ለዚያ ቤተ መጻሕፍት አንድ የሠለጠነ ሰው ቢያንስ ለሦስት ዓመት ደመወዙን እንሸፍን። ሥራው መጽሐፍ መጠበቅ አይሁን። ቅዳሜ ጠዋት ለተማሪው፣ ከሥራ በኋላ ለሠራተኛው፣ በገበያ ቀን ከገጠር ለሚመጣው ሰው እንዴት እንደሚፈለግ፣ እንዴት እንደሚጣራ ያስተምር። መጽሐፍ የሚገዛው ከዚያ በኋላ ይሁን፤ እሱም አንባቢዎቹ የጠየቁትን ከመዘገበ በኋላ።

መምህራን የሆናችሁ ደግሞ የምታዋጡት ከገንዘብ በላይ ነው። የሕግ መምህሩ ነጋሪት ጋዜጣ እንዴት እንደሚነበብ በዓመት አንድ ቅዳሜ ሊያሳይ ይችላል። ሐኪሙ ስለ መድኃኒት የተጻፈ ነገር እንዴት እንደሚመዘን፣ የግብርና ባለሙያው ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ትክክለኛ መረጃ የት እንደሚገኝ፣ የሒሳብ ሰው ደግሞ በመቶኛ የቀረበ ቁጥር እንዴት እንደሚያታልል ማስረዳት ይችላሉ። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የቤተ መጻሕፍቱ በር ቅዳሜ መከፈቱና በውስጡ የሚያስተምር ሰው መኖሩ ነው።

ራንጋናታን ወደ ሒሳብ ክፍላቸው ያልተመለሱት መማሪያ ክፍሉ ስለ ሰፋላቸው ነው። ማድራስ ላይ ያወጡት ሕግ ከረቂቁ ጀምሮ አሥራ ስምንት ዓመት ፈጀ፤ የእኛ ግን የሦስት ዓመት ደመወዝ ነው። ሐሳቡን በጽሑፍ አዘጋጅቼ ለማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ አስገብቻለሁ። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ሲቀርብ የራሳችሁን ከተማ ቤተ መጻሕፍት አስባችሁ ድምፃችሁን እንድትሰጡበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።